ያልታየ አይቆጠርም

መስከረም 14

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ከጉልበቴና ከክለቡ ኮሚቴ በቀር የሚያመኝ የለም። ፈጣሪ በሄድሽበት ይከተልሽ፤ ከክፉ ሰውና ከክፉ ቀን ይሰውርሽ። እናትሽ ብትኖር ትመርቅሽ የነበረውን ሁሉ በእሷ ቦታ ሆኜ መርቄሻለሁ፤ አሜን በይ።

ስልክ እያለ ምን ደብዳቤ ያስጽፈዋል እንዳትይኝ። በስልክ የተባለ ነገር ይካዳል፤ ወረቀት ላይ የሰፈረ ግን የትም አይሄድም። የክለቡንም ነገር ሁሉ በወረቀት የምጨርሰው ለዚህ ነው።

ሥራሽ የኳስ ጨዋታ እያዩ መቁጠር ነው ሲሉኝ፣ አልዋሽሽም፣ ስቄ ነበር። ልጅቷ ያን ያህል ተምራ፣ ያን ያህል አገር አቋርጣ፣ ማን ለማን አቀበለ እያለች ትውላለች? አሁን ሳቁ ወደ እኔው ዞሯል። የጡብ ፋብሪካው ቡድን ካቻምና አራተኛ ነበር፤ አምና ስምንተኛ ወጣ። የኮሚቴው ሊቀመንበር የፋብሪካው ሒሳብ ሹም ነው፤ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ «አሠልጣኝ፣ ዓይንህን ተወውና ቁጥር አምጣ» አለኝ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚህ ዓይን ነው እንጀራዬን የበላሁት። በቅሎን አባትህ ማነው ቢሉት ፈረስ አጎቴ ነው አለ ይባላል፤ በእኔ ተገልብጦ አጎትየው በእህቱ ልጅ ሲመካ ተገኘ። «የሚቆጥር ሰው አለኝ» ብያቸው ወጣሁ።

ስለዚህ በዚህች ፍላሽ ያለፈውን ዓመት ስድስት ጨዋታ ልኬልሻለሁ። የቀረጸው ያው የምታውቂው ሰርግ ቀራጭ ነው፤ ከዕቃ ቤቱ ጣሪያ ላይ ጥላ ፈልጎ ይቀመጥና ኳሷን እንደ ሙሽራ ይከተላታል። ለምን ግብ እንደሚቆጠርብን ንገሪኝ። ሌላ አልጠይቅሽም።

ታናሽሽ ደህና ነው። አሁንም የቀኙን ጥግ እንደያዘ ነው፤ ደጋፊው «ዘበኛው» ብሎ ስም አውጥቶለታል። እንደምታውቂው ከሜዳ ውጭ ንግግር የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ሁለታችሁን ከእናታችሁ ጋር ያሳደግሁባት ቤት መቼም ትናፍቅሻለች፤ እኔንም እየኖርኩባት ትናፍቀኛለች።

አጎትሽ

መስከረም 30

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልኝ፤ ለኮሚቴውም ልብ ይስጠው። ምርቃትዎን ቆሜ ነው ያነበብኩት፤ አሜን ብያለሁ።

ሥራዬን ሰው ሲስቅበት ለምጄዋለሁ፤ እርስዎም አይፈሩ። በአንድ አዳራሽ ሠላሳ ሰዎች ነን፤ እያንዳንዳችን ፊት አንድ ስክሪን፣ እያንዳንዱ ስክሪን ላይ አንድ ጨዋታ። ለማቀበል አንድ ቁልፍ እንጫናለን፣ ለመንጠቅ ሌላ፣ ለተበላሸ ኳስ ሌላ። ድምፅ የለም። ሠላሳ ጨዋታ አንድ ላይ ቢጮህ ስለምናብድ ከመጀመሪያው ዘግተውታል። ግድግዳው ላይ በትልቁ የተለጠፈ አንድ ደንብ አለ፦ ያልታየ አይቆጠርም። እዚያ ጋ ነክቷት ይሆናል፣ እዚህ ጋ ሳይነጥቅ አይቀርም እያለ የሚገምት ሰው እኛ ቤት አንድ ወር አይቆይም።

አጎቴ፣ እንዳይቆጡኝ እንጂ ዓይን አድሎኛ ነው። የመጨረሻዋን ግብ ያስታውሳል፣ ያናደደውን ሰው ያስታውሳል፣ የወደደውን ይምራል። እነሆ ማስረጃው። በስድስቱ ጨዋታ አሥራ አንድ ግብ ተቆጥሮብናል። እርስዎ በረኛው ዘግይቶ ነው፣ አማካዩ ሰነፍ ነው ሲሉ እንደነበር አልጠራጠርም። ከአሥራ አንዱ ሰባቱ የተቆጠሩት ግን እኛ ራሳችን የማዕዘን ምት በመታን በአሥራ አምስት ሰከንድ ውስጥ ነው። ሁሉም ግብ ላግባ ብሎ ይወጣል፤ ኳሷ ስትመለስ ቤቱን የሚጠብቅ የለም። ሁለት ሰው ከኋላ ያስቀሩና ይሞክሩት።

ወንድሜን ሰላም ይበሉልኝ። ፊልሙ ላይ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ሲቆም ሳይ ልጅነታችን ትዝ አለኝ። ከጓሮው ግንብ ዞሮ፣ ጨርሶ ከማይታይበት ሆኖ «አለሁ!» ይለኝ ነበር፤ እኔም ሳላየው አቀብለው ነበር። አንድ ቀን እንኳ አልሳትኩትም።

የእህትዎ ልጅ

ጥቅምት 24

ይድረስ ለባለ ቁጥሯ የእህቴ ልጅ፤

እጅሽ ይባረክ፤ ያየሽው ሁሉ ይቅናሽ። እኛ እዚህ ጠግበን ባንስቅም ማልቀሱን አቁመናል። ሁለት ሰው ከኋላ አስቀረሁ፤ ከአራት ጨዋታ ሦስቱን አሸነፍን፣ አንዱን አቻ ወጣን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት አፍንጫዬ ሥር የነበረ ነገር ነው። ተናድጄብሽም ነበር፣ ኮርቼብሽም ነበር፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም። ሒሳብ ሹሙማ ወረቀትሽን አጣጥፎ በደረት ኪሱ ይዞ ይዞራል፤ እኔን ሲያገኘኝ ኪሱን መታ መታ ያደርጋል።

አሁን የባሰ ነገር መጣ። ኮሚቴው ከዓመቱ እኩሌታ በፊት ከሁለቱ የቀኝ ተከላካዮች አንዱ ይቀነስ ብሏል። አንዱ ታናሽሽ ነው። ሌላው «ንፋሱ» የምንለው ልጅ ነው፤ ሃያ አራት ዓመቱ ነው፣ ሲሮጥ አቧራው ራሱ አይደርስበትም። ታናሽሽ ሠላሳ አንዱን ይዟል፤ ስለዚህ እሱን ከመጀመሪያ እስከ ዕረፍት አጫውተውና ከዕረፍት በኋላ ንፋሱን አስገባለሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው። የሚቀነሰው ሰው የክለቡን ክፍል ይለቃል፤ ከመዝገብ ቤት ሥራውም ተነሥቶ ወደ ጡብ ጭነት ይወርዳል። ይህን ስልሽ ቀላል ነገር እንዳልሆነ እንድታውቂ ነው።

እኔ መፍረድ አልችልም። ታናሽሽ ይቆይ ብል ለእህቱ ልጅ አዳላ ይሉኛል፤ ይሂድ ብል ከእናትሽ መቃብር ፊት እንዴት ልቆም ነው? ቁጥር ግን ዘመድ አያውቅም። ስምንት ጨዋታ ልኬልሻለሁ። ሁለቱን ቆጥረሽ የሚሻለውን ጻፊልኝ።

አጎትሽ

ኅዳር 17

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ በሰውነቴ ደህና ነኝ።

መልሴ የዘገየው ስምንቱን ጨዋታ ሦስት ሦስት ጊዜ ስላየሁት ነው። መጀመሪያ የቆጠርኩትን ሳላምን ደገምኩት፤ ሁለተኛውን ሳልወደው ሠለስኩት። አልተለወጠም። በአማካይ በአንድ አጋማሽ ወንድሜ ኳስ የነካው ስድስት ጊዜ ነው፤ የነጠቀው ሁለት። ንፋሱ የነካው ሃያ አንድ ጊዜ፣ የነጠቀው ዘጠኝ። በሜዳው ላይ ሁለት ሰዎች ሳይሆኑ አንድ ሰውና አንድ ችካል ያሉ ነው የሚመስለው። እህት ሆኜ ብጽፍ ሌላ እጽፋለሁ፤ እርስዎ የጠየቁኝ ግን እህትን አይደለም። ቁጥሩ ንፋሱ ይሻላል ይላል።

ሁለት ነገር እለምንዎታለሁ። በምስሉ በስተግራ፣ ወደ ቀራጩ በቀረበው ጥግ፣ አንድ ጥቁር ነገር ሜዳውን ይጋርዳል። ምንድን ነው? እንደ ደንባችን እዚያ የገባውን አልቆጠርኩም። ጥጉ ትንሽ ነው ብዬ አለፍኩት፤ ነገር ግን ብዙ ጨዋታ የሚካሄድበት ከሆነ ይንገሩኝና እንደገና አየዋለሁ። ሁለተኛ፣ ስሜ እንዳይነሣ። እኔ እንደቆጠርኩት ወንድሜ እንዳይሰማ። መልስዎ ሳይደርሰኝ ወረቀቱን ለኮሚቴው አይስጡት።

የእህትዎ ልጅ

ታኅሣሥ 28

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ፈጣሪ ያክብርሽ። ወረቀትሽ ደርሶኛል። እንዳንቺ ያለ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ይብዛ።

እዚህ ብርዱ በርትቷል፤ ሥራም በዝቶብኛል፤ ብዙ አልጽፍም። የሚመጣ ሰው ካገኘሽ አንድ ጥሩ የኳስ ጫማ ላኪልኝ፤ ቁጥሩ 43። ታናሽሽ ሰላም ብሎሻል።

አጎትሽ

ጥር 12

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ፤

እንደምን ከረሙ? ጫማው በመንገደኛ ተልኳል፤ ሳምንት ሳይሞላ ይደርስዎታል።

አጎቴ፣ ወንድሜ የሚያደርገው 41 ነው። በአሥራ ስድስት ዓመቱም 41 ነበር፤ የእኔን ጫማ ተጫምቶ ሲሮጥ እናታችን ሁለታችንንም ስትገርፈን አልረሳሁትም። የማን እግር ነው 43?

ሰላም ብሎሻል ያሉኝም አልገባኝም። ያ ልጅ በሰው ሰላምታ ልኮ አያውቅም። አራት ጊዜ ደወልኩለት፤ ይጠራል፣ አይነሣም። ስለ ጥቁሩ ነገርም አልመለሱልኝም። ወረቀቱን ሰጡት ወይስ አልሰጡትም? ይኼን ብቻ ቢነግሩኝ እንቅልፍ ይወስደኛል።

የእህትዎ ልጅ

መጋቢት 19

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

እንደምን ከረምሽ? ስዘገይ የጠፋሁ አይምሰልሽ። ሰው በሐሳብ ሲያዝ እጁም ይታሰራል።

ጫማው ደርሷል፤ ልክክ ብሏል። ያደረገው የልጄ ባል ነው፤ ንፋሱ። ልጄን በጥር መጨረሻ ድሬለታለሁ። ሰርጉ ትንሽ ነበር፤ ለዚህ ነው ያልነገርንሽ። የተጫጩት ከዓመት በፊት ነው፤ ጉዳዩ እስኪጠነክር ብዬ ዝም አልኩ።

ታናሽሽ በጥር ከቡድኑ ወጥቷል። ጤናው ደህና ነው፤ ጡብ ጭነት ላይ ነው፤ ሥራ አይናቅም። ከጫኞቹ ጋር ይተኛል። ኮሚቴው ያለ ጭቅጭቅ ነው የጨረሰው። ደጋፊው አዳራሽ ሞልቶ ሊጮህ መጥቶ ነበር፤ የገዛ እህቱ ናት የቆጠረችው ስላቸው ግን አንድ በአንድ ተነሥተው ወጡ።

አሁን የምለምንሽ ለራሴ ነው። ከጥር ወዲህ ሰባት ተጫውተን አምስት ተሸነፍን። ግብ በግብ ሆነናል። ሒሳብ ሹሙ ኪሱን መምታት ትቶ እኔን ማየት ጀምሯል፤ ነገሩ ሁሉ በእኔ ሊላከክ ነው። ሰባቱን ጨዋታ ልኬልሻለሁ። ጥፋቱ ከአሠልጣኙ እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ጥሩ ቁጥር ፈልጊልኝ። አጎትሽን አትጥዪውም።

አጎትሽ

ሚያዝያ 9

ይድረስ ለአጎቴ፤

አንቱታውን ያልተውኩት እናቴ ደህና አድርጋ ስላሳደገችኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት አይፈልጉለት።

ደብዳቤዎን ሳነብ ሥራ ላይ ነበርኩ። የገዛ እህቱ ናት ያሉባትን መስመር ካነበብኩ በኋላ ተነሥቼ ወጣሁ፤ አለቃዬ ታመሻል ወይ አለኝ፤ አዎ አልኩት። ያንን አዳራሽ አውቀዋለሁ። ወንድሜ የትኛው ወንበር ላይ ተቀምጦ እንደሰማ ነው ሳስብ የዋልኩት።

ያን ለታ ፊልሞቹን ቤቴ ወስጄ በራሴ ኮምፒውተር ከፈትኳቸው። አዲሶቹን አይደለም፤ የድሮዎቹን ስምንቱን። ለመቁጠር ሳይሆን እሱን ለማየት ነው። በራሴ ኮምፒውተር ድምፁ አልተዘጋም። አጎቴ፣ እኔ እነዚህን ጨዋታዎች ሦስት ሦስት ጊዜ ያየሁ ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋቸው። ኳሷ ከጥቁሩ ነገር ጀርባ ትገባለች፤ ምስሉ ላይ ምንም የለም። ድምፁ ላይ ግን «አለሁ!» ይላል። የእሱ ድምፅ ነው። ከዚያ እግር ከኳስ ሲጋጭ ይሰማል፤ ደጋፊው ያጨበጭባል፤ ኳሷ በእኛ ሰው እግር ሆና ትወጣለች። እኔ ድምፁን ዘግቼ ችካል ነው ያልኩት ሰው። በስድስተኛው ጨዋታ ላይ ሰርግ ቀራጩ ራሱ «ኧረ ይኼ የውኃ ታንከር እኔስ ምን ላድርገው» ሲል ተሰምቷል።

ከዚያ ነገሩ ሁሉ ተገጣጠመልኝ። አምበላችሁ ዕጣ ሲደርሰው ፀሐይዋ በረኛውን እንዳትወጋው ብሎ መጀመሪያ ሁልጊዜ የዕቃ ቤቱን ወገን ይመርጣል። ስለዚህ እስከ ዕረፍት ድረስ ታንከሩ የሚጋርደው የእኛን የቀኝ ጥግ ነው፤ የወንድሜን ቦታ። ከዕረፍት በኋላ ቡድኖቹ ጎን ይለዋወጣሉ፤ ንፋሱ ይገባል፤ እሱ በጠራራ ሜዳ ይጫወታል። የአንዱን ሥራ ከግርዶሽ ጀርባ፣ የሌላውን ከፊት ለፊቴ አስቀምጣችሁ ማን ይበልጣል አላችሁኝ። እኔም ቆጠርኩ። ጥጉ ትንሽ ነው ብዬ ያለፍኩት እኔው ነኝ፤ ያንን በእርስዎ አላላክክም።

ግን ቁጥርን አልረግምም። የተሳሳትኩት በቆጠርኩት ሳይሆን ባልቆጠርኩት ነውና አሁንም ቆጠርኩ። ከታንከሩ ጀርባ የሆነው አይታይም፤ ኳሷ ስትገባና ስትወጣ ግን ትታያለች። ማን ይዟት እንደገባ፣ ማን ይዟት እንደወጣ ጻፍኩ። ወንድሜ በነበረበት ስምንት ጨዋታ መቶ ስልሳ ሦስት ጊዜ ገብታለች። መቶ አሥራ ስምንት ጊዜ እኛ ይዘናት ወጣን፤ ሠላሳ አንድ ጊዜ ከሜዳ ውጭ ወጣች፤ አሥራ አራት ጊዜ ብቻ ተጋጣሚ ይዟት ወጣ። ከእሱ ወዲህ በተደረጉት ሰባት ጨዋታ፣ በዚያው ጥግ፣ ንፋሱ ከመጀመሪያ ጀምሮ ሲጫወት፣ መቶ አርባ ጊዜ ገብታ ስልሳ አንድ ጊዜ በተጋጣሚ እግር ወጣች። ስምንት ግብ ሆናለች። የፈለጉት ጥሩ ቁጥር ይኼ ነው።

አሁን አንድ ነገር ይመልሱልኝ። ኅዳር ላይ ጥቁሩ ነገር ምንድን ነው ብዬ ጠይቄዎት ነበር። ያንን ታንከር አሥር ጊዜ በቀን ነው የሚያልፉት። ያን ጊዜ ያውቁ ነበር?

ቢመልሱልኝም ባይመልሱልኝም ይህንን ወረቀት በዚያው አዳራሽ፣ በእኔው ስም፣ ወንድሜ ባለበት ያንብቡት። እምቢ ካሉ ለሒሳብ ሹሙ በቀጥታ እልከዋለሁ።

የእህትዎ ልጅ

ሰኔ 2

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ምርቃቱን ዘልዬዋለሁ። በዚህ አፍ ብመርቅሽ የሚደርስ አይመስለኝም።

አውቅ ነበር። ፊልሙን ስልክልሽ አላሰብኩትም፤ ይኼን እመኚኝ። ሰርግ ቀራጩ ጥላ ይፈልጋል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ጥላ ደግሞ ከታንከሩ ሥር ብቻ ነው፤ ከዚያ ያለፈ አልነበረም። ወረቀትሽ መጥቶ «ስድስት ጊዜ ነካ» የሚለውን ሳነብ ግን ሳቄ መጣ። ታናሽሽ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ስድስት ጊዜ ይነካል። ወዲያው ታንከሩ ትዝ አለኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ፤ «ልጄ፣ የውኃ ታንከር ነው፣ እንደገና ቁጠሪ» ብዬ ልጽፍልሽ። አንድ መስመር ነበር። ከውስጥ ልጄ ከንፋሱ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ፤ ከተቀነስኩ ወደ ወላጆቼ አገር ይዤሽ እሄዳለሁ እንዳላት ከንግግሯ ገባኝ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት የሚሰማ ድምፅ የእሷ ብቻ ነው። እስክሪብቶውን አስቀመጥኩት። ከዚያ በኋላ ሌላ ምንም አላደረግሁም፤ አንቺ የላክሽውን እንዳለ ለኮሚቴው አነበብኩ። ያን ጊዜ ያልዋሸሁ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽና ካንቺ እውነት አልፈለግሁም፤ ወረቀት ነው የፈለግሁት።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች፤ ይኼ ተረት ለእኔ ነው የተተረተው። አንድ ትልቅ ክለብ ያንቺን የኅዳር ወረቀት ከሒሳብ ሹሙ ወስዶ አየው፤ ሃያ አንድ ጊዜ የነካ፣ ዘጠኝ ጊዜ የነጠቀ ተከላካይ። በግንቦት አጋማሽ ንፋሱን ወሰዱት። ልጄም አብራው ሄደች። የገዛሽለትን ጫማ አድርጎ ነው የሄደው።

ያዘዝሽኝን አድርጌያለሁ። ያለፈው ቅዳሜ በዚያው አዳራሽ አነበብኩት። በጥር ጢም ያለው አዳራሽ ያን ቀን ሃያ ሰው አልሞላም፤ ከምድባችን ወርደናልና ማን ይመጣል። ታናሽሽን ሰው ልኬ አስጠራሁት። ከጭነት ላይ ተነሥቶ መጣ፤ ቀይ የጡብ አቧራ እስከ ቅንድቡ ድረስ ነበረበት። ግባ ብንለው መኪናው እየጠበቀኝ ነው ብሎ በሩ ላይ ቆመ። መቶ ስልሳ ሦስቱን፣ መቶ አሥራ ስምንቱን፣ አሥራ አራቱን ሁሉንም አነበብኩ። ታንከሩን ተናገርኩ፤ እያወቅሁ ዝም ማለቴንም ተናገርኩ። ለቀባሪው አረዱት እንደሚባለው፣ ሰውየው ራሱ የሠራውን ነው የምነግረው።

ሒሳብ ሹሙ ተነሥቶ «እንግዲህ ስሕተት ነበር፤ ለሚመጣው ዓመት ቦታህ ክፍት ነው፤ ክፍልህም ይመለስልሃል» አለው። ታናሽሽ እጆቹን ገልብጦ አሳየው። ጥፍሮቹ ተነቃቅለዋል። ጉልበቱም ከጡቡ ወዲህ አይታጠፍም፤ ይኼን እኔ ነኝ የምነግርሽ፣ እሱ አላለም። «አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ» አለ። እኔም በዚያው ስብሰባ አሠልጣኝነቱን ለቅቄያለሁ፤ የጎደለበት የለም።

ሲወጣ ተከትዬው እስከ መኪናው ሄድኩ። እኔን እርገመኝ፣ ምታኝ፣ እሷን ግን አትቀየማት፣ ደንባቸው ነው፣ ያልታየ አይቆጥሩም አልኩት። ጡቡ ላይ ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። መኪናው ሊነሣ ሲል ጎንበስ አለና አንድ ነገር ተናገረ። ከጥር ወዲህ ለእኔ የተናገረው እሱን ብቻ ነው።

«ድሮ ሳታየኝ ነበር የምታቀብለኝ» አለ።

ይኼንን ይጻፉላት አለኝ፤ ሌላ እንዳልጨምርበትም ነገረኝ። ጽፌልሻለሁ።

አጎትሽ